እኩል የተወጠረች ገጽ

ሠርክአዲስ በገብር ኄር ሳምንት ማክሰኞ፣ ረፋዱ ላይ ከባሕር ዳር መጣች። ጊዜው ሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። እኔ ከማንጎው ዛፍ ሥር የራሰ የፍየል ቆዳ በመወጠሪያው እንጨት ላይ እወጥር ነበር። ቆዳ ሲወጠር ሁለት ሰው ቢሆን ይሻላል፤ አንዱ በዚህ በኩል ጠፍሩን ሲስብ ሌላው በትይዩ ካልሳበ ቆዳው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ብቻዬን ስለሆንኩ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየዞርኩ ትንሽ ትንሽ እስባለሁ። ቀና ስል ቦርሳዋን ግንዱ ሥር አስቀምጣ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ከፊት ለፊቴ ጠፍሩን ይዛለች። እኔ ስስብ ሳበች፤ እኔ ስቆም ቆመች። ሰላም የተባባልነው ዙሪያውን ከጨረስን በኋላ ነው።

"ደኅና ገባሽ?"

"ደኅና ነኝ። አንቱስ አያ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው በፆሙ መካከል? ትምህርት ተዘጋ እንዴ?"

"አልተዘጋም" አለችና አንዱን ጠፍር ደግማ አሰረችው። ቀድሞም በደንብ ታስሮ ነበር።

የእኅቴ ልጅ ናት። እኅቴ ስታርፍ ሠርክአዲስ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ለእኔና ለባለቤቴ ለአቻምየለሽ ልጅ ስላልተሰጠን እሷ ተሰጠችን። ፍኖተ ሰላም ዳር፣ በዚሁ ግቢ፣ ጠፍር ይዛ ነው ያደገችው። ፊዚክስ ተምራ አንድ ዲግሪ ያዘች፤ አሁን ለሁለተኛው የቀራት የመመረቂያ ጽሑፏ ብቻ ነው። ቡሬ ያለ አንድ ኮሌጅ ዘንድሮ ከተመረቀች በመምህርነት ሊቀበላት ቃል ገብቶላታል። ቡሬ ደግሞ ለእኛ ቅርብ ነው። አቻምየለሽ ልጂቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ የምታበላትን ሁሉ ከወዲሁ አስባ ጨርሳለች።

ብራና መሥራት ያስተማረኝ የለም። ወጣት ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ቡሬ ላይ ሲፍቁ ቆሜ አይቼ፣ ቤቴ ገብቼ አራት ቆዳ አበላሸሁ፤ አምስተኛው ወጣልኝ። ፊደልም የለየሁት ቅኔ ቤት ብራና ሳደርስ ተማሪዎቹ ሲያነቡ እየሰማሁ ነው። ከዚያ የተረፈኝ ልማድ ሰው ሲናገር አለማቋረጥ ነው። ስለዚህ ምን ሆነሽ ብዬ አልጠየቅኋትም። እጇ እዚህ፣ ልቧ ሌላ ቦታ መሆኑን ግን በእኔ በኩል ባለው ጠፍር ሰምቼዋለሁ።

አቻምየለሽ እንደኔ አይደለችም።

"ልጂቱ ከስታለች" አለችኝ ረቡዕ ጠዋት። "ጠይቃት እንጂ።"

"ትነግረናለች።"

"መቼ? ስትሸብት?"

"ቆዳ እንኳ ሳይርስ አይወጠርም።"

"እሷ ቆዳ አይደለችም፣ አንተ ሰውዬ" ብላ ራሷ ልትጠይቅ ሄደች። ብዙም ሳትቆይ ተመለሰች። "ደኅና ነኝ አለችኝ" አለች፤ ቀጥላም እኔን እየተመለከተች፣ "ሁለታችሁም አንድ ናችሁ።"

ሐሙስ ሠርክአዲስ ኮምፒውተሯን ታቅፋ መጥታ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እኔ ሥጋ ሥጋውን እየፋቅሁ ነበር።

"አያ፣ ምን እንደማጠና ነግሬዎት አላውቅም አይደል?"

"አልነገርሽኝም።"

"እርሳስ ውስጥ ያለችውን ጥቁር ነገር ያውቋታል?"

"ተማሪ ቤት ባልገባም እርሳስስ አይቻለሁ።"

ፈገግ አለች። "እሷ መጽሐፍ ናት። ገጽ በገጽ የተደራረበች። ወረቀት ላይ ስንጽፍ ገጾቿ እየተላጡ ነው የሚቀሩት። እኔ የማጠናው ከዚያ መጽሐፍ አንዲቷን ገጽ ብቻ ነው። ግራፊን ይሏታል።"

"ከእኔ ብራና ትሳሳለች?"

"የአንቱን አንድ ብራና ውፍረት ለማግኘት ከእሷ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ መደርደር ያስፈልጋል።"

አቻምየለሽ ሽሮ እየነፋች ትሰማ ነበር። "ይህን ያህል ከሳሳ ምን ሊጻፍበት ነው?" አለች።

"አይጻፍበትም እትዬ። ይሮጥበታል።" ሠርክአዲስ በጣቷ መሬቱ ላይ የንብ ሰፈፍ ዓይን የመሰለ ባለ ስድስት ማዕዘን ሣለች፤ አጠገቡም ሌላ፣ አጠገቡም ሌላ። "ገጿ እንዲህ ናት። በየማዕዘኑ አንድ አንድ ካርቦን ተቀምጧል። የመብራት ኃይል የሚያመላልሱት ኤሌክትሮኖች ሌላ ቦታ ሲሄዱ ጭቃ ውስጥ እንዳለ በሬ ናቸው። እዚህች ላይ ግን ክብደት እንደሌላቸው ሆነው ይነጉዳሉ።"

"መልካም ገጽ ናታ" አልኋት።

"አንድ ጉድለት አለባት። ማስቆም አይቻልም። የኮምፒውተር ሥራ በሙሉ ማብራትና ማጥፋት ነው፤ ለማጥፋት ደግሞ በኤሌክትሮኖቹ መንገድ ላይ በቀላሉ ዘልለው የማያልፉት ክፍተት ሊኖር ይገባል። ይህች ገጽ ክፍተት የላትም። ሁልጊዜ እንደበራች ናት። ስትወጠር ግን ክፍተት ታበጃለች ተብሎ ተጽፏል። የእኔ ሥራ ያንን በሒሳብ ማሳየት ነው። በኮምፒውተር ውስጥ በቁጥር የተሠራች ገጽ አለችኝ፤ እወጥራታለሁ፣ ክፍተት መጣ አልመጣ አያለሁ።"

"መጣ?"

"ስምንት ወር ወጠርኋት። ከመቶ አምስት፣ ከመቶ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ። ምንም የለም።"

መፋቂያዬን አስቀመጥሁ።

አማካሪዋ እስከ ኒቆዲሞስ ሳምንት ዓርብ የተስተካከለ ውጤት እንድትልክ ነግረዋታል። ካልደረሰ ምረቃው ለሚመጣው ዓመት ይተላለፋል፤ ኮሌጁም ቦታውን አያቆይላትም። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተለወጠም፤ መሬት ላይ የሣለችውን ሰፈፍ ግን በመዳፏ ደመሰሰችው።

"አብሮኝ የሚማር ቢሆነኝ የሚባል ልጅ አለ" አለች። "ክፉ ሰው አይደለም። አዝኖልኝ ነው። ክፍተቱ ከመቶ አምስት ላይ ሲከፈት የሚያሳይ መስመር በእጁ ሠርቶ፣ ቁጥሩን ከእኔ ቁጥር ጋር አመሳስሎ ላከልኝ። ማንም ወርዶ አይፈትሽም አለኝ። እዚህ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው ያለው፤ አልከፈትሁትም። አላጠፋሁትምም።"

አቻምየለሽ ወንፊቱን ይዛ ቆማ እኔን ታየኛለች። ምን እንድል እንደፈለገች አውቃለሁ። እኔ ግን ልጂቱ ያንን ፋይል ይዛ ከባሕር ዳር እዚህ ድረስ የመጣችው ኃጢአት መሆኑን እንድነግራት አልመሰለኝም። ያንንስ አውቃ ነው ሳትከፍት ያመጣችው።

"እስኪ ከመጀመሪያው ደግመሽ ንገሪኝ" አልኋት።

"ከየትኛው መጀመሪያ?"

"ከእርሳሷ።"

ነገረችኝ። ዓርብም ደገመችልኝ። እኔ ስፍቅ እሷ ትናገራለች፤ ሳልረዳ ስቀር እጠይቃታለሁ፤ ስታስረዳኝ አንዳንዴ ራሷ ትቆምና ኮምፒውተሯን ከፍታ አንድ ነገር ታርማለች። ትንንሽ ስሕተት ነው ትላለች፤ ውጤቱን አይለውጥም።

ቅዳሜ የኔታ ቴዎፍሎስ መጡ። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ለደብራቸው ዳዊት ሊያጽፉ ብራና አዝዘውኝ ከአንድ ቆዳ በቀር ሁሉንም አስረክቤያለሁ። የቀረው ያው ሠርክአዲስ የመጣች ዕለት የወጠርነው ነው። ፆም ከገባ የሚያርድ የለም፤ ከቅበላ በፊት ያልያዝሁት ቆዳ እስከ ፋሲካ አይገኝም። የኔታ ይህን ስለሚያውቁ ቆዳዋን እንደ ታመመ ዘመድ በየሳምንቱ ይጠይቋታል።

"እንዴት ዋለች?" አሉ፣ በከዘራቸው ወደ መወጠሪያው እያመለከቱ።

"ለሆሣዕና ትደርሳለች የኔታ።"

ቀረብ ብለው መረመሯት። "ይህች ምንድር ናት?" ከጎኗ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አለች። ቆዳው ሳይወጠር መርፌ የወጋት ያህል ነበረች።

"መዥገር የነከሳት ናት።"

"መዥገሩ ትልቅ ነበር ማለት ነው።"

"ስትወጠር ነው የሰፋችው፤ የኔታ።"

"ክብነቷስ ደስ ይላል" አሉና ወደ ሠርክአዲስ ዞሩ። "አንቺ ደግሞ ምን ታጠኛለሽ አሉኝ?"

"አንዲት ገጽ ነው፤ የኔታ።"

"አንዲት ብቻ? እኛ መቶ ሃምሳውን መዝሙር ስናጠና ኖረን ገና ነን፤ አንቺ በአንድ ገጽ ልትመረቂ ነው?"

"እሷም ብትሆን እምቢ ብላኛለች።"

የኔታ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን ትተው ፊቷን አዩ። "እምቢ ያለ ደቀ መዝሙር ብዙ አስተምሬያለሁ" አሉ። "አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ አጠያየቄ ላይ ነው የተገኘው።" ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ።

ሰኞ ሆነ። አራት ቀን ቀርቷል። ሠርክአዲስ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ለአራተኛ ጊዜ ትነግረኛለች። ወደ መወጠሩ ስትደርስ፣ ሦስት ጊዜ ሰምቼ ያለፍሁት ነገር ያን ቀን ያዘኝ።

"ቆይ" አልኋት። "ስትወጥሪያት በየት በኩል ነው የምትስቢያት?"

"በዙሪያዋ ነዋ።"

"በሁሉም በኩል?"

"በሁሉም በኩል እኩል። እንዳስተማሩኝ።"

ስለማላውቀው ነገር መናገር አልወድም። እሷ ግን ፊቴ ላይ አንድ ነገር አየች። "ምነው አያ?"

"ላንቺ ገጽ አላውቅም። እኛ ግን ዙሪያውን እኩል የምንስበው ቆዳው መልኩ እንዳይለወጥ ብለን ነው። ይሰፋል እንጂ ያው ራሱ ነው። የየኔታን ቀዳዳ አላየሻትም? አድጋ እንኳ ክብ ናት።"

ወደ መወጠሪያው ሄዳ ቀዳዳዋን በጣቷ ነካቻት። "ይድገሙልኝ" አለችኝ። ደገምሁላት። መሬት ላይ ተቀምጣ አንድ ባለ ስድስት ማዕዘን ሣለች፣ ዙሪያውን እኩል አስፍታ ሌላ ሣለች።

"ያው ናት" አለች ለራሷ ያህል። "ሰፈፉ ሰፈፍ ሆኖ ይቀራል፤ ዓይኑ ይሰፋል እንጂ። ኤሌክትሮኖቹ ትንሽ ዝግ ይላሉ፤ ክፍተት ግን አይመጣም። እስከ ዕለተ ምጽአት ብስባትም አይመጣም።" ቀና አለች። "ከእኔ በፊት ያጠኗት ሌሎቹ በአንድ በኩል ነው የሳቧት። ጽሑፋቸው ላይ አለ እኮ፤ አንብቤዋለሁ። የሒሳቡን መነሻ ስጽፍ ግን እጄ የለመደውን አደረገ። አማካሪዬም የሚያዩት የመጨረሻውን ሥዕል ነው፤ መነሻውን አላሳየኋቸውም። እንዴት ቆዳ እንደሚወጠር ማን ይጠይቀኛል?"

"እንግዲያ ያበላሸሁብሽ እኔ ነኝ" አልኋት።

"አንቱማ ብራና ነው ያስተማሩኝ።" እየሳቀች ነበር፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። "ስምንት ወር ሙሉ ለካርቦን ዳዊት ሊጻፍበት የሚሆን ብራና ሳዘጋጅለት ከረምሁ።"

አቻምየለሽ ከጓዳ ወጥታ፣ "ምንድን ነው የሚያስቅ?" አለች። ስንነግራት፣ "እኔም ድሮ ብያለሁ፤ ይህ ሰውዬ ሁሉን ነገር እኩል ማድረግ ይወዳል። ሽሮውን እንኳ በማንኪያ ነው የሚያካፍለው" አለች።

ሠርክአዲስ ሒሳቡን እንደ አዲስ ከመጻፏ በፊት በዓይኗ ማየት ፈለገች። "በአንድ በኩል ብቻ ሲሳብ ዓይኖቹ እንዴት እንደሚሆኑ ልይ፤ አሮጌ ቁራጭ ቆዳ የለዎትም?" አለችኝ። የደረቁ ቁራጮች ነበሩ፤ የደረቀ ግን አይለጠጥም። እርጥበት የያዘና የሚሳብ ቆዳ በግቢው ውስጥ አንድ ብቻ ነበር።

አቻምየለሽ ያሰብሁትን ቀድማ አወቀች። አየችኝ፤ አየኋት። ሄዳ በጣሳ ውኃ አመጣችልኝ።

ቆዳዋን እንደገና አረጠብናት። ሠርክአዲስ ከቀዳዳዋ አጠገብ በከሰል ሁለት ረድፍ የሰፈፍ ዓይን ሣለችባት፤ በአንዱ ረድፍ ማዕዘናቸው ወደ ሳቢው የዞረ፣ በሌላው ረድፍ ጠፍጣፋ ጎናቸው ወደ ሳቢው የዞረ። የግራና የቀኙን ጠፍር ፈታን፤ እሷ ከራስጌ፣ እኔ ከግርጌ ያዝን። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ይህን እንዳላደርግ ስጠነቀቅ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር።

"ይሳቡ አያ፤ እስከ ከመቶ ሃያ።"

ሳብሁ። ክቧ ቀዳዳ ሞላላ ሆነች፣ ከዚያም የገብስ ፍሬ መሰለች። የሠርክአዲስ ሰፈፎች አንዱ ወገን ቀጠነ፣ ሌላው ወገን ተለጠጠ፤ ሁሉም በየመልኩ ተዛባ። በማስመሪያ እየለካች ከመቶ አሥር፣ ከመቶ አሥራ አምስት ትላለች። ጠፍሩ ሲያለቅስ እሰማለሁ።

"ይበቃል" አለች።

"እስከ ሃያ አላልሽም?"

"ይበቃል አያ፣ ትቀደዳለች።"

አንድ ጊዜ ብቻ ልጨምር ብዬ ሳብሁ። ከቀዳዳዋ ጀምሮ እስከ ዳር ተሰንጥቃ አንድ ጥግዋ ተገነጠለ። ድምፅዋ ደረቅ እንጨት እንደመስበር ነው። የተገነጠለው ቁራጭ፣ ከእነ ከሰል ሥዕሉ፣ ከሠርክአዲስ ጋር ቀረ።

"የየኔታ ናት" አለች፤ ያን ጊዜ ነው የገባት።

"ከፋሲካ በኋላ ሌላ ፍየል አለ" አልኋት። "ያንቺ ዓርብ ግን አንድ ነው።"

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ጻፈች። ረቡዕ ከሰዓት በፊት ሒሳቡ ተጠናቀቀ። እኔ ተቀድዳ የቀረችውን ብራና ዳር ዳሯን በጅማት እሰፋ ነበር። ስትጠራኝ ድምፅዋ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ነበር።

"አሁንም የለም" አለች። "በአንድ በኩል ሳብኋት። እስከ ሠላሳ ድረስ። ዜሮ ነው።"

ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥሁ። በመስታወቱ ላይ ያለው መስመር መሬት ላይ እንደተኛ እባብ ተዘርግቷል። የቢሆነኝ ፋይል የት እንዳለ አላውቅም፤ እሷ ግን ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አድርጋ ቆየች። እኔም ልቤ በውስጡ አቡነ ዘበሰማያት ጀመረ፤ አፌ ግን አልተንቀሳቀሰም።

አቻምየለሽ የሽንብራ ቆሎ በእፍኟ ይዛ መጥታ በሠርክአዲስ መዳፍ ላይ ገለበጠችላት። "ብዪ" አለቻት። "ገጽ የሚሸነፈው በባዶ ሆድ አይደለም።" ልጂቱ ቆሎውን ለመያዝ እጇን ከኮምፒውተሩ አነሣች። እየቆረጠመች፣ ገመድ ላይ ያሰጣኋትን ቁራጭ ቆዳ ታይ ነበር።

ቆርጥማ ሳትጨርስ ተነሥታ ሄደች። ቁራጩን አውርዳ በፀሐይ ላይ ያዘችው።

"አያ፣ ይምጡ እስኪ። እነዚህ ሁለት ረድፎች አንድ ናቸው?"

"አይደሉም" አልኋት። "እነዚህ በሹል ማዕዘናቸው ተሳቡ፤ እነዚያ በጎናቸው። መልካቸውም ለየቅል ነው።"

"እኔ የሳብሁት በማዕዘን በኩል ብቻ ነው።" ፈገግታዋ ከአንድ ወገን ጀምሮ ቀስ እያለ መጣ። "በጎን በኩል አልሳብሁም። ራሴ ሥዬው፣ ራሴ ረሳሁት።"

ያን ዕለት ቅዳሴ በሰዓቱ ሄድሁ፤ ስመለስ እንደተቀመጠች ነበረች። አጠገቧ ተቀመጥሁ። ከመቶ አምስት ዜሮ፣ አሥር ዜሮ፣ አሥራ አምስት ዜሮ፣ ሃያ ዜሮ እያለች ጮክ ብላ ታነብልኛለች። ከመቶ ሃያ ሦስት አካባቢ ስትደርስ አቆመች።

"ተከፈተች" አለች በቀስታ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ትንሽ ናት። ግን ተከፈተች።" ሃያ አራትን ሞከረች፣ ሃያ አምስትን ሞከረች፤ መስመሩ ከመሬት ተነሥቶ መውጣት ጀመረ። አቻምየለሽን ጠርተን አሳየናት። "ይህቺ ናት እንዴ ይህን ሁሉ ያለቀስንላት?" ብላ ልጂቱን ጭንቅላቷ ላይ ሳመቻት።

ሠርክአዲስ ወዲያው ደስታዋ ለዘብ አለ። "እውነተኛዋ ገጽም እዚያው አካባቢ ነው የምትቀደደው" አለች። "ክፍተቱ የሚመጣው ልትቀደድ ስትል ነው። አማካሪዬ የፈለጉት እንዲህ አይደለም። በትንሽ ውጥረት የሚከፈት ነገር ነው የጠበቁት፤ የቢሆነኝን ዓይነት።"

"አንቺስ ምን አገኘሽ?"

"ይህንን።"

"እንግዲያ ይህንን ላኪላቸው።"

ሦስቱንም ጻፈች፤ ዙሪያዋን እኩል ስትሳብ ምንም እንደማይከፈት፣ በማዕዘን በኩል ስትሳብም እንደማይከፈት፣ በጎን በኩል ከሃያ ሦስት ወዲያ እንደሚከፈት። ስምንቱን ወርም አልጣለችውም፤ አንድ ምዕራፍ ሆነ። ዓርብ ጠዋት ከተማ ወጥተን ኢንተርኔት ቤት ላከችው። ከመላኳ በፊት የቢሆነኝን ፋይል አጠፋችው፤ እንዲያው ወንበሩን ለማስተካከል ያህል ነው ያደረገችው። ለእሱም አንድ መልእክት ጻፈችለት። "ምን አልሽው?" ብላት፣ "አመሰግናለሁ፤ የአንተንም ሥዕል በጎን በኩል ሳበው" አለችኝ።

የቀረኝ የኔታ ነበሩ። በሆሣዕና ዋዜማ የተሰፋችውን ብራና ይዤ ሄድሁና እንዳለ ነገርኋቸው። ስፌቱን በጣታቸው እየዳሰሱ ሰሙኝ።

"እንግዲህ ፍየሏ ሁለት ጊዜ ሞተች ማለት ነው" አሉ። "አንድ ጊዜ ለቅበላ፣ አንድ ጊዜ ለትምህርት።"

"ከፋሲካ በኋላ እተካለሁ የኔታ።"

"ተዋት። ጸሐፊው ስፌቱን እየዞረ ይጽፋል፤ መዝሙሩ አይጎድልም። አያቶቻችንም የተሰፋ ብራና ላይ ጽፈዋል።" ብራናውን ጠቅልለው ከነጠላቸው ሥር አደረጉት። "ልጂቱስ?"

"ጸልዩላት።"

"ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ እኮ ነው።"

በግንቦት ሁለተኛ ሳምንት ባሕር ዳር ሄድሁ። ሠርክአዲስ ጽሑፏን በመምህራን ፊት የምትከላከልበት ቀን ነው። አቻምየለሽ አዲስ የታጠበ ጋቢ አልብሳኝ፣ "እዚያ ደግሞ ከመጀመሪያው ድገሚልኝ እንዳትል" ብላ ሸኘችኝ። ከኋላ ወንበር ተቀመጥሁ። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። ግራፊን የሚለውን ስሰማ ግን አውቀዋለሁ፤ ሥዕሎቹንም አውቃቸዋለሁ፤ መስመሩ መሬት ለመሬት ሲሄድና ከሃያ ሦስት ላይ ሲነሣ አብሬው ተነሣሁ ማለት ይቻላል።

አንድ ሽበት ያላቸው መምህር ጠየቋት። ቃሉን አልሰማሁትም፤ እጃቸውን ግን አየሁት፤ መዳፋቸውን ከፍተው ዙሪያውን እኩል የሚለጥጥ ሰው ዓይነት አደረጉ። ለምን ስምንት ወር ሙሉ እኩል ሳብሽ ማለታቸው ነው። ሠርክአዲስ ጎንበስ ብላ ከቦርሳዋ የደረቀ ቁራጭ ቆዳ አወጣች፤ የከሰሉ ሰፈፎች አሁንም ይታያሉ፤ የመዥገሯ ቀዳዳ ግማሽ ዳሩ ላይ አለች። ከፍ አድርጋ ያዘችውና መናገር ጀመረች። መምህራኑ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ አንዱ ቆዳውን ተቀብሎ በመስኮቱ ብርሃን አየው፤ ለሌላው አቀበለው፤ ሌላውም አየው። በመካከሉ ወደ ኋላ ዞራ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። ሁሉም ሲዞሩ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስላላወቅሁ ከወንበሬ ተነሥቼ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ።

አለፈች። ከፍተኛውን ውጤት አልሰጧትም። ውጤትሽ ተስፋ የሚሰጥ አይደለም ያሏት ነበሩ። አማካሪዋ ግን ከበሩ ውጪ ጠብቀው፣ በአማርኛ፣ "መነሻውን ያን ጊዜ ባየው ኖሮ" አሉ። ከዚያ እኔን አይተው ጨበጡኝ። ቢሆነኝም መጥቶ ነበር፤ ፀጉሩ የተንጨፈረረ፣ ፊቱ ፈካ ያለ ልጅ ነው። ቦርሳዋን ይዞ እስከ መናኸሪያው ሸኘን።

በማግሥቱ አብረን ተመለስን። ቡሬ ስንደርስ አውቶቡሱ ቆመ፤ ኮሌጁን በሩቅ አሳየችኝና "እንውረድ፤ ለየኔታ ቆዳ እንግዛላቸው" አለች።

"ተዋት ብለውኛል።"

"እኔ አልተውኳትም።"

ፋሲካ ስላለፈ ገበያው በቆዳ ተሞልቷል። ነጋዴው የሚያሳየውን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሣች፣ ወደ ፀሐይ አድርጋ ዓይኗን አጥብባ ትመረምራለች፤ ይህን እኔ አስተምሬያታለሁ። አንዱን አልፋ፣ ሌላውን አልፋ፣ አንዲት ቀይ ፍየል ላይ ቆመች።

"ይህችኛዋ ንጹሕ ናት" አለችኝ። "አንድም ቀዳዳ የላትም። ለዳዊቱ ትሁን።"

ገዝተናት ተጠቅልላ ስታበቃ፣ ሠርክአዲስ ደግሞ ከሥር ያለችውን አነሣች። መካከሏ ላይ ሁለት ንክሻ አለባት።

"ይህችስ?" አልኋት።

"ይህች የእኔ ናት። ኮሌጁ ውስጥ ልጆቹ ሲጠይቁኝ በምን አሳያቸዋለሁ?" ትከሻዋ ላይ ጣለቻትና ቀድማኝ ወደ ፍኖተ ሰላም ሚኒባስ ሄደች።